የሠርግ ፊልም ወደ ዲቪዲ ሲገለበጥ ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ

የሰው ልጅ ዕድሜው አጭር መሆኑን ስለሚያውቅ፣ መልኩና ድምፁ ከእርሱ በኋላ እንዲቀር ሲመኝ የኖረ ነው። ቀድሞ ይህ ዕድል የነገሥታትና የመኳንንት ብቻ ነበረ፤ ሠዓሊ ጠርቶ መልኩን ለማሣል የሚችል ሰው ጥቂት ነበረና። ፎቶግራፍ ከመጣ በኋላ ግን በየቤቱ ግድግዳ የአባትና የእናት መልክ ተሰቀለ፤ ዛሬ ደግሞ በከተማ ሠርግ ያለ ቪዲዮ አንሺ አይደረግም ለማለት ይቻላል። ድንኳኑ ይፈርሳል፤ ጠጁ ያልቃል፤ እንግዳውም ወደየቤቱ ይሄዳል፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፈው ፊልሙ ነው። ስለዚህ ፊልሙን መጠበቅ የቤተ ሰብን ቅርስ እንደ መጠበቅ ሊቈጠር ይገባዋል።

ነገር ግን በብዙ ቤት አንድ የሚያሳዝን ነገር ይታያል። ሙሽሮቹ ፊልሙን በቪዲዮ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ሲያዩት እንደ መስታወት የጠራ ሆኖ ሳለ፣ በዲቪዲ ተገልብጦ ለወላጆች በደረሰ ጊዜ የሰው ፊት ይደበዝዛል፤ የቀሚሱ ጥለት ይንቀጠቀጣል፤ ሚዜውም አማቹም ቀጥኖና ረዝሞ ይታያል። አባትና እናትም ዲስኩን ይወቅሳሉ፤ ወይም ዴኩ አርጅቷል ይላሉ። እውነተኛው ምክንያት ግን ብዙውን ጊዜ ትልቁ ሥዕል ወደ ትንሹ መጠን በተለወጠበት ሰዓት የተደረገው ቸልተኝነት ነው። ይህ ለውጥ እንደምን እንደሚደረግ ማወቅ የሚጠቅመው ለባለ ሙያው ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ ከፍሎ ለሚያሠራው ቤተ ሰብም ይጠቅመዋል። የሚጠይቀውን የሚያውቅ ሰው የሚፈልገውን ያገኛልና።

ዲቪዲ መጀመሪያ ለሽያጭ የቀረበው በጃፓን አገር ሲሆን፣ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1996 ነበረ፤ በ1997 ደግሞ በአሜሪካ መሸጥ ጀመረ። ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር 12 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱም 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ዘመን በየሳሎኑ የነበረው የቀድሞው ቴሌቪዥን ስለ ነበረ፣ የዲስኩ ሕግ የተደነገገው በዚያው ቴሌቪዥን ልክ ነው። የቴሌቪዥን ሥዕል በጥቃቅን ነቁጦች የተሠራ ነው፤ ነቁጡም በባለ ሙያዎች ዘንድ ፒክስል ይባላል። ፓል በሚባለው ሥርዓት የተሠራ ዲቪዲ በአግድም 720፣ በቁመት 576 ነቁጥ ይይዛል፤ ድምሩም 414,720 ነው። ኤን ቲ ኤስ ሲ በሚባለው ሥርዓት ግን 720 በ480 ስለ ሆነ፣ ድምሩ 345,600 ይሆናል።

ዛሬ ቪዲዮ አንሺው የሚይዘው ካሜራ የሚያነሣው ሥዕል፣ ኤች ዲ ወይም ከፍተኛ ጥራት የሚባለው፣ 1,920 በ1,080 ነቁጥ ነው፤ ድምሩም 2,073,600 ይሆናል። አንባቢ ሆይ፣ ቍጥሩን ቢያካፍሉት የፓሉ ዲቪዲ የዋናውን ልክ አንድ አምስተኛ፣ የኤን ቲ ኤስ ሲው ደግሞ ልክ አንድ ስድስተኛ ብቻ እንደሚይዝ ያገኙታል። ፎር ኬ በሚባለው አዲስ ካሜራ የተነሣ እንደ ሆነማ፣ በፓል ዲስክ ላይ የሚገባው ከ20 እጅ አንዱ እጅ ነው። ከአምስት ነቁጥ አራቱ ይቀራሉ ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ የቀሩትንም ከዲስኩ ላይ መልሶ ማውጣት አይቻልም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደ ተባለው ነው።

ይህን ለመረዳት የቁም ጸሐፊዎችን ሥራ ማሰብ ይበቃል። ትልቁን የብራና መጽሐፍ ወደ ትንሽ የማኅደር መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ፣ ፊደሉን በልኩ አሳንሶ፣ መስመሩን አስተካክሎ ቢጽፈው ትንሹም መጽሐፍ ይነበባል፤ ያማረም ይሆናል። ነገር ግን ከየመስመሩ እየዘለለ ቢጽፍ ትርጕሙ ይጠፋል። ደግሞም ብልህ ጸሐፊ ሁልጊዜ ከዋናው ይገለብጣል እንጂ ከግልባጩ ግልባጭ አይገለብጥም፤ ስሕተት በስሕተት ላይ ይጨመራልና። የቪዲዮም ሕግ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ስለ ማሳነስ እንናገር። ኮምፒዩተር ሥዕልን በሁለት መንገድ ሊያሳንስ ይችላል። አንዱ መንገድ ከየስፍራው አንድ አንድ ነቁጥ እያነሣ የቀረውን መጣል ነው፤ ይህ ፈጣን ነው፤ ግን ክፉ ነው። ሁለተኛው መንገድ ጎረቤት የሆኑትን ነቁጦች አንድ ላይ መዝኖ፣ መካከለኛውን ቀለም ለአዲሱ ነቁጥ መስጠት ነው፤ ከዚህ ወገን የሆኑት ዘዴዎች ባይኪዩቢክና ላንዞስ ይባላሉ። የሁለቱ ልዩነት በአገር ልብስ ላይ ፈጥኖ ይታወቃል። የሐበሻ ቀሚስ ጥለትና የነጠላ ጠርዝ እጅግ ቀጫጭን በሆኑ መስመሮች የተሠራ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያው መንገድ ያነሰ ሥዕል ጥለቱን ይቆራርጠዋል፤ ሙሽራዪቱም በተራመደች ቍጥር ጠርዙ እንደ እሳት ነበልባል ይርገበገባል። በሁለተኛው መንገድ ቢደረግ ግን ጥለቱ ጥቂት ይለሰልሳል እንጂ አይረበሽም።

ሁለተኛው ነገር የመስመሮች ተራ ነው። የቀድሞው ቴሌቪዥን አንዱን ሥዕል በአንድ ጊዜ አይሥልም ነበር፤ መጀመሪያ 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውን መስመር፣ ቀጥሎም 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን እያደረገ በሁለት ተራ ይሥለው ነበር። ይህ አሣሣል ኢንተርሌስድ ይባላል፤ ከኤች ዲ ካሜራዎችም አንዳንዶቹ በዚሁ ዓይነት ያነሣሉ። እንዲህ የተነሣ ሥዕል ሁለቱ ተራዎች በትክክል ሳይለዩ እንዲሁ ቢያንስ፣ የአንዱ ቅጽበት መስመር ከሌላው ቅጽበት ጋር ይደባለቃል። በዚህ ጊዜ እስክስታ የሚመታው ሰው ትከሻ እንደ ሚዶ ጥርስ ተሰነጣጥቆ ይታያል። የተራዎቹ ቅደም ተከተል ተገልብጦ የተጻፈ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ዘፋኙ ወደ ፊት ሄዶ ወደ ኋላ የሚመለስ ይመስላል። ይህ ጉድለት በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ላይታይ ይችላል፤ በሳሎኑ ቴሌቪዥን ላይ ግን ይገለጣል።

ሦስተኛው ነገር የሥዕሉ ቅርጽ ነው። የዛሬ ሥዕል ወርዱ 16 ቁመቱ 9 ሲሆን፣ የቀድሞው ቴሌቪዥን ወርዱ 4 ቁመቱ 3 ነበረ። ዲቪዲ ሁለቱንም ቅርጾች በዚያው በ720 በ576 ነቁጥ ውስጥ ያኖራል፤ ሰፊው ሥዕል ተጨምቆ ይገባና ዴኩ መልሶ እንዲዘረጋው በዲስኩ ላይ ምልክት ይጻፍለታል። ይህ አሠራር አናሞርፊክ ይባላል። ሠራተኛው ምልክቱን መጻፍ ከዘነጋ ሥዕሉ እንደ ተጨመቀ ይቀርና፣ አንቱ የተባሉት ሽማግሌ ሁሉ እንደ ሸምበቆ ቀጥነው ይታያሉ። ሌላም ስሕተት አለ፤ ይኸውም ሰፊውን ሥዕል በ4 በ3 ውስጥ ከላይና ከታች ጥቁር መቀነት አስሮ መጻፍ ነው። እንዲህ ሲደረግ ከ576ቱ መስመር ለሥዕሉ የሚቀረው 432 ብቻ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ ባነሰው ላይ ሩቡ ደግሞ በከንቱ ይጠፋል።

አራተኛው ነገር ቀለም ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለከፍተኛ ጥራት ሥዕል ቀለም የሚሰላበትን ደንብ በ709 ቍጥር፣ ለመደበኛው ደግሞ በ601 ቍጥር አውጥቷል። ሥዕሉ ሲያንስ የቀለሙም ስሌት ከ709 ወደ 601 ካልተለወጠ፣ የቀዩና የአረንጓዴው መልክ ይዛባል፤ የሰውም ፊት የራሱን ወዝ ያጣል። ሥዕሉ እንዲህ ሆኖ ሲታይ ጥፋቱ የካሜራው ይመስላል፤ ግን አይደለም።

አምስተኛውና ብዙ ቤተ ሰብ የማያስበው ነገር የጊዜ ርዝመት ነው። ተራው ዲቪዲ 4.7 ቢሊዮን ባይት ይይዛል፤ ይህም 37.6 ቢሊዮን ቢት ማለት ነው። ዲስኩ እንደ አንድ ጎተራ ነውና፣ እህሉ ለብዙ ቀን እንዲበቃ ከተፈለገ የየቀኑ ድርሻ ማነሱ የማይቀር ነው። ፊልሙ 90 ደቂቃ ቢሆን ለእያንዳንዱ ሰከንድ ወደ 7 ሚሊዮን ቢት ይደርሰዋል፤ 2 ሰዓት ቢሆን 5.2 ሚሊዮን፤ 4 ሰዓት ቢሆን ግን 2.6 ሚሊዮን ብቻ ይደርሰዋል፤ ድምፁም የሚወሰደው ከዚሁ ላይ ነው። የዲቪዲው ሕግ ለሥዕል በሰከንድ እስከ 9.8 ሚሊዮን ቢት ይፈቅዳል፤ ሆኖም በቤት በተቀዳ ዲስክ ላይ ከ8 ሚሊዮን በላይ ቢደረግ አሮጌ ዴኮች ይደናቀፋሉ።

እንግዲህ የሠርጉ፣ የመልሱና የቅልቅሉ ፊልም ሁሉ አራት ሰዓት ሆኖ በአንድ ዲስክ ላይ ይታጨቅ ቢባል ምን ይሆናል? ሰው ተቀምጦ ሲነጋገር ጉድለቱ እምብዛም አይታወቅም። በአዳራሹ መብራቱ ደብዝዞ፣ ሕዝቡ ሁሉ ሲጨፍር ግን ኤምፔግ 2 የሚባለው የዲቪዲው አጨማመቅ ድርሻው ስለማይበቃው ሥዕሉን ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፍለዋል። የደስታው ጫፍ በሆነው ሰዓት የሰው ፊት እንደ ዳማ ገበታ ይሆናል ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ፊልሙን በሁለት ወይም በሦስት ዲስክ መክፈል ነው። 8.5 ቢሊዮን ባይት የሚይዝ ባለ ሁለት ንብርብር ዲስክም አለ። ከዚህም ጋር ሠራተኛው ፊልሙን ሁለት ጊዜ የሚያሳልፈውን ዘዴ እንዲጠቀም ቢጠየቅ ይጠቅማል፤ ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያው ጊዜ የሚከብደውንና የሚቀለውን ስፍራ መርምሮ፣ በሁለተኛው ጊዜ ለጭፈራው ብዙ፣ ለንግግሩ ጥቂት እያደረገ ያድላል።

ድምፁም አይዘንጋ። ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ይልቅ የሚወደደው የወላጆች ምርቃት ነው። በዲቪዲ ላይ ድምፅ በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየተለካ ይጻፋል። ዶልቢ በሚባለው አጨማመቅ በሰከንድ ከ192,000 እስከ 224,000 ቢት ቢሰጠው ለሁለት ጆሮ ይበቃዋል፤ ሳይጨመቅ ቢጻፍ ግን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ስለሚፈጅ የሥዕሉን ድርሻ ይሻማል።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ዘመዶቻቸው በሩቅ አገር ላሉ ቤተ ሰቦች ይልቁንም አስፈላጊ ነው። በኢትዮጵያ፣ በእስራኤል፣ በአብዛኛው አውሮፓና በዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ያገለገለው የዲቪዲ ሥርዓት ፓል ነው፤ በሰከንድም 25 ሥዕል ያሳያል። በአሜሪካ ግን ኤን ቲ ኤስ ሲ ስለ ሆነ፣ በሰከንድ ወደ 30 የሚጠጋ፣ ማለት 29.97 ሥዕል ያሳያል። በፓል አገር የተሸጡ ብዙ ዴኮች የአሜሪካውን ዲስክ ያጫውታሉ፤ በአሜሪካ የተሸጡት አብዛኞቹ ዴኮች ግን የፓሉን ዲስክ አያጫውቱም። በዋሽንግተን የሚኖሩት አጎት በጕጕት የጠበቁትን ዲስክ ከተው ጥቁር መስኮት ብቻ የሚያዩት ስለዚህ ነው። በኮምፒዩተር ቢከቱት ግን ሁለቱም ይከፈታሉ።

ለአሜሪካ የሚላከው ዲስክ ለብቻው መዘጋጀት አለበት፤ መዘጋጀት ያለበትም ከኤች ዲው ዋና ፋይል ነው እንጂ ከተሠራው የፓል ዲቪዲ አይደለም። የ25ቱን ሥዕል ወደ አሜሪካው ሥርዓት ለመለወጥ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፊልሙን በሰከንድ ወደ 24 ሥዕል ግድም ማዘግየት ነው፤ ያን ጊዜ ሥዕሉ እንደ ጠራ ይቀራል፤ ነገር ግን የ60 ደቂቃው ፊልም 62 ደቂቃ ተኩል ይሆናል፤ ዘፈኑም በዚያው ልክ ይዘገያል። ሁለተኛው ጊዜውን እንዳለ ትቶ፣ የጎደሉትን ሥዕሎች ከጎረቤቶቻቸው እያዋሐዱ መፍጠር ነው፤ ዘፈኑ ልኩን ይጠብቃል፤ ፈጣን እንቅስቃሴ ግን ጥቂት ጥላ ይከተለዋል። ምርቃትና ንግግር ለበዛበት ፊልም የመጀመሪያው፣ ጭፈራ ለበዛበት ሁለተኛው ይሻላል።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የክልል ቍጥር ነው። የፊልም ኩባንያዎች ሽያጫቸውን ለመጠበቅ ዓለምን በክልል ከፍለው፣ ለአሜሪካ 1፣ ለአውሮፓ፣ ለእስራኤልና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች 2፣ ለኢትዮጵያ 5 ቍጥር ሰጥተዋል። የቤተ ሰብ ፊልም ይህን አጥር አያስፈልገውም፤ በሁሉም ክልል እንዲከፈት ተደርጎ ይጻፋል። ክልሉ ነጻ ስለ ሆነ ብቻ ግን የፓልና የኤን ቲ ኤስ ሲ ልዩነት አይቀርም።

ከዚህ በላይ የተነገረውን ሁሉ አስበን፣ ባለ ሠርጉ ለቪዲዮ ቤቱ የሚሰጠው ትእዛዝ እንዲህ ቢሆን መልካም ነው።

1ኛ፤ ቆረጣውና ቅንብሩ ሁሉ በኤች ዲ ተሠርቶ ይለቅ፤ ማሳነሱ የመጨረሻው ሥራ ይሁን፤ የሚሠራውም ከዋናው አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን። በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ተልኮ የተጨመቀ ፋይል ለዲቪዲ መነሻ አይሁን።

2ኛ፤ ዲስኩ ለየትኛው አገር እንደሚሄድ ሥራው ሳይጀመር ይነገር።

3ኛ፤ በአንድ ዲስክ ላይ ከ90 ደቂቃ ብዙ የሚበልጥ አይጫን።

4ኛ፤ የሙሽሮቹ ስምና የበዓሉ ቀን የሚጻፍበት ፊደል ወደ ዳር አይጠጋ። አሮጌ ቴሌቪዥን የሥዕሉን ጠርዝ ስለሚደብቅ ጽሑፉ ከመቶው 80 እጅ በሚሆነው መካከለኛ ስፍራ ይሁን፤ ቀጭን ፊደልም ስለሚንቀጠቀጥ ደመቅ ያለ ይመረጥ።

5ኛ፤ የቪዲዮውን ፋይል እንዲሁ በዲስክ ላይ መቅዳት ዲቪዲ መሥራት እንዳልሆነ ይታወቅ። ብዙ ዴኮች የሚያነቡት በዲቪዲ ሥርዓት የተሰናዳውን ብቻ ነው። ለዚህም ዲቪዲ ስታይለርን የመሰሉ ያለ ዋጋ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ።

6ኛ፤ ብዙ ቅጂ ከመባዛቱ በፊት አንዱ ዲስክ በቤቱ ባለው አሮጌ ዴክና ቴሌቪዥን ላይ ይታይ፤ ይልቁንም የጭፈራው፣ የጥለቱና የምርቃቱ ስፍራ ይመርመር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሚከተለው ነው። ዲቪዲ ለመላኪያና ለማሳያ የሚሆን ግልባጭ ነው እንጂ ለማኖሪያ የሚሆን ዋና አይደለም። ብዙ ቤተ ሰብ ዲስኩን ተቀብሎ ፊልሙን ሁሉ የተረከበ ይመስለዋል፤ የተረከበው ግን ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ነው። የቀሩት አራቱ እጆች በቪዲዮ ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ይቆዩና፣ ለሌላ ሠርግ ቦታ ሲያስፈልግ ይሰረዛሉ። ይህም የቪዲዮ ቤቱ ጥፋት ነው አይባልም፤ ያልተጠየቀውን አደራ ለዘመናት የሚጠብቅ የለምና። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው፣ የኤች ዲው ዋና ፋይል ሒሳቡ በሚዘጋበት ቀን በሃርድ ዲስክ ተገልብጦ ይወሰድ። ከዚያም ሁለት ቅጂ ሆኖ በሁለት የተለያየ ቤት ይቀመጥ፤ አንዱ በእሳት ወይም በሌባ ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍ። በየጥቂት ዓመቱም ተከፍቶ ይታይ፤ ወደ አዲስ ዕቃም ይዛወር።

በቤት የሚቀዳው ዲስክ ራሱ የሚጻፈው በቀለም ንብርብር ላይ ስለ ሆነ ፀሐይና ሙቀት ይጎዱታል። በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ በቁሙ በሣጥኑ ውስጥ ይቀመጥ፤ ወረቀት አይለጠፍበት፤ ስሙ ለዲስክ በተሠራ ለስላሳ ብዕር ይጻፍ። ዲስክ የሚያነብ ቀዳዳ የሌላቸው ኮምፒዩተሮች እየበዙ ሄደዋል፤ ቴሌቪዥኖችም እየሰፉ ሄደዋል። ቴሌቪዥኑ በሰፋ ቍጥር የዲቪዲው ትንሽ ሥዕል እየተለጠጠ ይደበዝዛል፤ የዋናው ፋይል ግን እንደ ጠራ ይኖራል።

በሠርጉ ቀን ልጃቸውን የመረቁት አያት ምናልባት ከጥቂት ዓመት በኋላ አይገኙ ይሆናል። ያን ጊዜ የልጅ ልጆቻቸው ፊልሙን ከፍተው የአያታቸውን ዓይን፣ የግንባራቸውን መስመርና ሲመርቁ የሚንቀጠቀጠውን ከንፈራቸውን ሊያዩ ይሻሉ። በአንድ ሜትር ርቀት የቆመ ሰው እንደሚያያቸው ሆነው መታየታቸው ወይም እንደ ጥላ መደብዘዛቸው የሚወሰነው፣ ዛሬ ፊልሙ በሚገለበጥበት ቀን ነው። ለሠርጉ ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም ያወጣ ቤተ ሰብ፣ ለዚህች ጥቂት ጥንቃቄ ግማሽ ቀን ሊነፍጋት አይገባውም።